ለሰርቨር የመጡ ሽማግሌዎች

እናንተ ሰፈር የጥርስ ሳሙና ይቆለፋል? እዚህ ኦክላንድ ይቆለፋል። ሱቅ ገብቼ ደወሉን እጫንና፣ ባለቁልፏ እስክትመጣ ድረስ ሳሙናውን በመስተዋት ውስጥ እያየሁ እቆማለሁ። ያውም ለቀሩኝ ጥቂት ጥርሶች! "ቤትህን ዝጋ፣ ጎረቤትህን ሌባ አትበል" ይባል የለ? አሜሪካኖች ተረቱን በሳሙና ጀመሩት።

የሚገርመው፣ ሳሙና የሚቆልፍ አገር ቁም ነገሩን ክፍት ጥሎት ይኖራል። ይህን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ መቅደስ ናት። ሳን ሆዜ አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ትሠራለች። እዚያ ሰርቨር የሚባሉት ብዙ ትልልቅ ኮምፒውተሮች አንድ ትልቅ የጋራ ጎተራ አላቸው፤ ፋይሉ ሁሉ የሚከማቸው እሱ ውስጥ ነው። ጎተራው ከነመንገዶቹ ስቶሬጅ ኔትወርክ ይባላል። የመቅደስ ሥራ የትኛው ሰርቨር የትኛውን ክፍል እንዲያይ እንደሚፈቀድለት ማቀድ ነው። ያልተፈቀደለት፣ ክፍሉ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ምነው እንዲህ ያለ ጥበብ ለዘመድ በኖረ!

ዕቅዱ አርብ ሊገመገም ነበር። ካለፈ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ካላለፈ ኮንትራቷ እዚያው ያበቃል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ መጥታ ወረቀቱን አሳየችኝ። ለሁሉም በልኩ ተሰፍሮለታል፤ አንድ ሰርቨር ብቻ ጎተራውን በሙሉ ያያል። ይሄ ደግሞ የማን ንጉሥ ነው? አልኳት። አንገቷን ደፋች። የጋሽ ተፈራ ነው አለች። ጋሽ ተፈራ እዚያው መሥሪያ ቤት ያረጁ፣ እሷንም ያስቀጠሩ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ የኔን አትንኪብኝ" ብለዋታል።

"ታዲያ እንዴት ብዬ ሪሙቭ ላድርጋቸው? ነውር አይደለም?" ትለኛለች።

ይሉኝታን ኮምፒውተር ላይ የጫነ ሕዝብ ከኛ በቀር አለ? የሳቸው በር ከተሰበረ ጎተራው ሁሉ ተዘረፈ ማለት ነው፤ ገምጋሚ ይህን ሳያይ አያልፍም። ሰርዢ አልኳት። ሰረዘች። ለሰውየውም ደውላ አክስቴ መከረችኝ ብላ ነገረቻቸው። ሞኝ!

በነጋታው በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ከሳን ሆዜ ድረስ ነድተው ነው የመጡት። ግቡ ስላቸው ገቡ። ተቀመጡ ስላቸው፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም አሉ። ለምን ጉዳይ? ለሰርቨሩ!

"ዝርዝሩን እንኳ አናውቀውም እህታችን" አሉ አንደኛው። "ብቻ ሰውየው ቅር ብሏቸዋል። እርቅ ይሻላል።"

ሁለተኛውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ልበ ደረቅ መሆኔን አገር ያውቃል፤ ግን የሰው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ እስከ መቼ ያዩታል? ለመቅደስ ኮል አደረግሁ። ለአንዲት ሰርቨር ብለሽ ትልቅ ሰው አታስቀይሚ አልኳት። እኔው! ሰርዢ ያልኩት እኔው!

ልጅቷ፣ ጋሽ ተፈራንም መስመሩ ላይ አስገቧቸው አለች። ገቡ።

"ጋሼ፣ አሁን ምን ይሠሩበታል?"



"ምንም" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ግን ድሮ ሁሉን የማየው እኔ ነበርኩ።"

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የኚህ ሰው ሹመት ግን መብል አልነበረበትም፤ ማየት ብቻ ነበር።

"እንግዲያስ" አለች መቅደስ፣ "ጎተራውን ልዝጋብዎትና መዝገቡን ልስጥዎት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ለማን ከፈተ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። እርስዎ አይነኩም፤ የነካውን ግን ያያሉ።"

ጋሽ ተፈራ እሺ ሳይሉ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ተፈራም በስልኩ ሰምተው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይበሉ? እሺ አሉ።

አርብ ዕቅዱ አለፈ። ገምጋሚዎቹም ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ያንኑ የመዝገብ ጠባቂ ነገር ሆነ። መቅደስ ቋሚ ሆነች።

ጋሽ ተፈራ መዝገቡን እንደ ዳዊት ይደግሙት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጥፋተኛ ያዙ። ለሙከራ ብሎ መላውን ጎተራ ለራሱ ከፍቶ፣ መዝጋቱን የረሳ። ስሙን አጥርተው ጽፈው ለአለቃ አቀረቡ፤ አለቃውም በጽሑፍ ገሠጸ።

የተገሠጸችው መቅደስ ናት። ያን ዕለት ተናዳ ደወለችልኝ።

"አክስቴ፣ እኚህ ሰውዬ ትንሽ እንኳ ይሉኝታ የላቸውም?"