ጋሽ ውባንተ በሁለት ዕድሜ

ዕድሜውን ሲጠየቅ ወደ ጣራ የማያይ የአገሬ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። መልሱ ጣራው ላይ የተጻፈ ይመስል! የኛ ሰው የተወለደበትን ዓመት በቁጥር አይነግራችሁም። «አንበጣ በመጣ ጊዜ» ይላችኋል፤ ወይም «የእገሌ ቤት በተቃጠለ ማግስት»። እንዲህ ያለ ሰው ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ምን ይፈጠራል? የሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔም እስካሁን በቅጡ አልገባኝም።

ያኔ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ሶፍትዌር ዓባይን ተሻግሮ ከአዲስ አበባ መጣልን። ሠራተኛውንም መጋዘኑንም ማዳበሪያውንም እኔ እይዛለሁ አለ። ችግሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ጳጉሜን ስትነግሩት «እንዲህ ያለ ወር የለም» ይላል። ጳጉሜን የካደ ማሽን ጎጃም ውስጥ እንዴት ይኖራል?

ስለዚህ ሰላማዊት የምትባል የኮድ ባለሙያ ተላከችልን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ትንፋሽ የማትወስድ ልጅ ናት። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚመልስ ጭማሪ ኮድ ጻፈች። ከዚያ እኔን አስቀምጣ ታስተምረኝ ጀመር። ሲስተሙ ሁለት ነው አለችኝ፤ አንዱ ሙከራ፣ አንዱ ሥራ። ጭማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሙከራው ላይ ይታያል፤ ጉዳት ካላመጣ ወደ ሥራው ይሻገራል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ማለቷ ነው። ደግ ብላለች። ግን ሁለቱ ባላዎች መልካቸው አንድ ቢሆንስ? ያው ሰማያዊ ገጽ፣ ያው የሠራተኛ ስም! አንድ ጊዜ የዘበኛችንን የዓመት ፈቃድ ሙከራው ላይ መዝግቤ፣ ሰውየው ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ቤተሰቡ ጋ ተቀምጦ ሳለ ከሥራ ጠፋ ተብሎ ሲፈለግ ሰነበተ።

ሰላማዊት አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ አንድ ዓርብ ደወለች። ጭማሪው ሙከራው ላይ ደህና ሆኗል፣ አሁን ወደ ሥራው አሻግረው አለችኝ። እንዳስተማረችኝ አሻገርኩት። «ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ተመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ስከፍተው የጋሽ ውባንተ ስም ቀልቷል። ቀይ ማለት ጡረታው ያለፈበት ማለት ነው። ጋሽ ውባንተ የመጋዘን ኃላፊያችን ናቸው። በወጣትነታቸው ዲማ ሄደው ቅኔ ቆጥረዋል፤ «እንደምን አደርክ» እንኳ ሲሏችሁ ወርቁ የት አለ ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው ሲባል ነበር። ማሽኑ ስልሳ አንድ አለ። ለካ ሁላችንም በስምንት በስምንት ዓመት አርጅተናል፤ ግን ስልሳን ያለፉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ማን ልብ ይበል?

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳምጤ ጥብቅ ሰው ናቸው። ሲያመሰግኑም ሲመሰገኑም ሰምቼ አላውቅም። «ፋይላቸው ሃምሳ ሦስት ነው የሚለው» አልኳቸው። ፋይሉ በግምት የተሞላ ነው፣ ማሽን ግን አይገምትም አሉኝ። ሙከራውን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ እዚያ ሃምሳ ሦስት ይላል። «ስሙን አታነብም? ሙከራ እኮ ነው!» አሉ።

ጋሽ ውባንተ ተጠርተው ተነገራቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጣራውን ሲያዩ ቆዩ።

«እኔስ ምን አውቄ፤ ጉልበቴ ከስልሳ አንዱ ጋር ይስማማል» አሉ።

ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም። ሁለት ልጆቻቸው ገና ኮሌጅ ናቸው። ቅዳሜ ዲማ ወረዱ፤ ታላቅ ወንድማቸውን መሪጌታ ይኄይስን ሊጠይቁ። ሰኞ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ወንድሜ ምሎ ነገረኝ። የተወለድኩት በዘመነ ማርቆስ ነው!»

ደስ አለን። ቁጭ ብለን ቆጠርን። ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። ሃምሳ ሦስት ከሆኑ ማርቆስ ነው። ስልሳ አንድ ከሆኑም ማርቆስ ነው። ወንጌላዊው ለሁለቱም መሰከረ!

በመጋዘኑ ላይ ተተኪ ተመደበ። የሽኝቱ ቀን ተቆረጠ፤ በግ ተገዛ፣ ጋቢም ተገዛ። እኔ ለሰላማዊት ብደውል ብደውል መስመር የለም፤ ለካ ለሥራ ገጠር ወጥታ ኖሯል። ያገኘኋት በሽኝቱ ዕለት ከሰዓት ነው።

«የት ነህ?» አለችኝ።

«ደብረ ማርቆስ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የትኛው ውስጥ ነህ?»

«ቢሮ ውስጥ።»

«ኧረ ሙከራው ነው ሥራው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላወቅኩም። ሁለቱንም ከፍቼ ነበር። እሷ ከዚያው ሆና ስትጎረጉር ቆየችና ድንገት ጮኸች። ጭማሪው ሥራው ላይ ሁለት ጊዜ ገብቷል! ያን ዓርብ ጠዋት እሷው ከአዲስ አበባ ልታሻግረው ስትል ኔትወርክ ተቋረጠ፤ አልሄደም ብላ ወደ እኔ ደወለች። ሄዶ ኖሯል። አንዴ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ የነበረበት የልደት ቀን ሁለቴ ተመለሰ። አንዱን አነሳዋለሁ፣ አንተ ብቻ ምንም አትንካ አለችኝ።

ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። በጉ ተበልቷል። ጋቢው የጋሽ ውባንተ ትከሻ ላይ ነው። አንዱ ማዳበሪያ ተሸካሚ ቆሞ፣ ሚስቱ ምጥ በያዛት ቀን ጋሽ ውባንተ እንዴት በመጋዘኑ መኪና ሆስፒታል እንዳደረሷት እያለቀሰ ይናገራል። ከደምበጫ ቅርንጫፍ የመጣችው ሴት ተነስታ፣ ሥራ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው አለች። ከዚያ እሳቸው ተነሡ።

«ጡር እንኳ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው። ይኼ ጡረታ ግን በአንድ ሌሊት ደረሰብኝ። ማንን በድዬ ይሆን?»

ሰዉ ሳቀም አለቀሰም። እኔ አላስቻለኝም፣ ከበሩ ላይ ጮህኩ፦ «ስህተት ነው! ጋሼ፣ ጡረታ አልወጡም!»

አቶ ዳምጤ የተበላው በግ ይመለስ ይሆን በሚል ዓይን አዩኝ። ጋሽ ውባንተ ቀስ ብለው ዞሩ።

«እና ስንት ሆንኩ?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«ተመስገን። ጋቢውን ግን አልመልስም።»

በማግስቱ መጋዘናቸው ገቡ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ እሳቸው መረቁኝ። «ሰው ምስጋናውን የሚሰማው ሬሳ ሆኖ ነው። እኔ ቁሜ ሰማሁ። ሁሉም ሰው አንዳንዴ በስህተት ጡረታ መውጣት ነበረበት» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት ጥንቃቄ ነው ብዬ አስቤ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ዳምጤ ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉ። ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ነገር በእሳቸውም ስም ላይ ሊደረግ ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። በስህተት፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ፤ ሰዉ ምን እንደሚል ለመስማት ያህል።

«ይቻላል» አልኳቸው። «በግ ይገዛ?»

ወደ ዘጉት በር ዞር ብለው አዩ።

«ቆይ» አሉ፤ «መጀመሪያ ሙከራው ላይ እንየው።»