አፌን የገጠምኩበት ሽምግልና

መተንፈስ ትምህርት የማይጠይቅ ሥራ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሳንባው ጤነኛ ነውና ፈጣሪውን ያመስግን። እኔ መተንፈስን የተማርኩት በሃምሳ ምናምን ዓመቴ፣ ያውም ከጤና ጣቢያ ነርስ ነው። አስም አለብኝ። የአስም ፓፌ፣ ያቺ አፍ ውስጥ የምትነፋ ሰማያዊ ዕቃ፣ ከኪሴ ተለይታ አታውቅም። አጠቃቀሟንም አሳምሬ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አፌን እንደ ሐይቃችን ጉማሬ እከፍታለሁ፣ ከሩቁ ጭስስ አደርጋታለሁ፣ ወሬዬን እቀጥላለሁ። ሌላ ምን ይጠበቅብኛል?

አንድ ቀን ሲስተር እስቲ ሲወስዱ ልይዎ አለችኝ። አሳየኋት። ከት ብላ ሳቀችና፣ ጋሼ፣ መድኃኒቱን እኮ የወሰደው ጥርስዎ ነው፣ ሳንባዎ ገና ወረፋ እየጠበቀ ነው አለችኝ። ቢያንገበግበኝም ተማርኩ። መጀመሪያ ፓፏን በደንብ መነቅነቅ። ቀጥሎ ደረት ውስጥ ያለውን አየር ቀስ ብሎ ማስወጣት። ከዚያ የፓፏን አፍ በጥርስ መሃል አስገብቶ ከንፈርን ግጥም ማድረግ፣ መሳብ ሲጀምሩ አንዴ መጫን፣ በዝግታና በረጅሙ መሳብ። ይኼ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ የመጨረሻው ነው፦ ከተቻለ እስከ አሥር እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ። እኔ! እስከ አሥር ዝም! መናኸሪያ አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ አንድ ብሎን ሊገዛ የገባ ደንበኛ የዓለምን ፖለቲካ ሳይሰማ አይወጣም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ካልኩ የምነቅዝ ዓይነት ሰው ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ታምራት፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ካለው ከቱላ ኤደን የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው፤ ግን አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም አለች። ስለዚህ ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። ንግግር የሚችል ማነው ተባለ። ይኼ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ? አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አጀቡኝና ሄድን። መቼም በወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። እንደቆምን ተጸለየ፣ እኔም ጀመርኩ። ተረት በተረት ላይ፣ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ስከምር፣ የልጅቷ አባት አቶ ላሚሶ ድንገት ብድግ ብለው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገቡ። በሩንም ዘጉት።

ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ ጀርባ ሰጥቶ መሄድ! ከዚህ የባሰ እምቢታ ከየት ይመጣል? አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ታምራት እህል አስጠላው፤ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ አስቸገረ። ብዙ ከርሞ ግን የኤደን እናት እባካችሁ አንዴ ተመለሱ ብለው ላኩ። እህቴ ጃኬቴን ይዛ፣ ወንድምዬ፣ ዛሬም ባዶ እጃችሁን ከመጣችሁ ልጄ አለቀለት፣ ስለ ፈጣሪ ብለህ ወሬ አታብዛ አለችኝ። ምክሩን ንቄ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

የቱላ መንገድ አቧራውን አጠጣን። ቤት ስንገባ ደግሞ ሳሎኑ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አልወጣም። እኛ የመጣነው ብዬ አፌን ከመክፈቴ ደረቴ ውስጥ ፉጨት ተነሣ። አማራጭ የለም፣ ፓፌን አወጣሁ። ነቀነቅሁ፣ ተነፈስኩ፣ ገጠምኩ፣ ጫንኩ፣ ሳብኩ፣ ያዝኩ። አንድ… ሁለት…

አቶ ላሚሶም የጊዜ አመራረጥ ያውቃሉ፤ ለመሆኑ ልጄን የምትፈልጓት ከልባችሁ ነው ብለው ጠየቁ።

ወይ ጉድ! ብናገር መድኃኒቱ ሊወጣ፣ ዝም ብል ሠርጉ ሊቀር። መምህሩ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ለእኔ የተሰጠን ንግግር ሌላ ሰው ቢነጥቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም እኔን ያያሉ፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። አራት… አምስት… ስድስት ላይ አቶ ላሚሶ ብድግ አሉ። አለቀልን! ታምራቴ፣ ይቅር በለኝ!

ሰውዬው ግን ወደ ጓዳ አልሄዱም፤ ወደ እኔ መጡ። እጄን ትክ ብለው አዩና ከኮታቸው ኪስ የእኔኑ የመሰለች ፓፍ አወጡ። አፋቸውን ቧ አድርገው ከሩቅ ጭስስ! ግማሹ ጺማቸው ላይ ቀረ። አሥር ደረስኩና ተነፈስኩ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ልጅዎን ለልጃችን የሚል መሰላችሁ? እንዲህ አይደለም፣ አባቴ! ብዬ ጮህኩ። ሰውን በገዛ ቤቱ! የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጸሎት ጀመሩ።

ሽምግልናው ቀርቶ ትምህርት ሆነ። ደቂቃ ያህል አሳረፍኳቸውና አስነቀነቅኳቸው፣ አስተነፈስኳቸው፣ ከንፈርዎን ግጥም ያድርጉ አልኩ። ሳቡ፣ ያዙ። እኛም ባለቤታቸውም አብረን በልባችን ቆጠርን። ሲተነፍሱ ፊታቸው በራ። በሳቅ ፈነዱ፣ ተቀመጡ አሉን፣ ኤደን ተጠርታ ተመረቀች። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

መርቀው ሲያበቁ ግን ወደ እኔ ዞሩ። ያን ቀን ለምን ጥላችሁኝ ሄዳችሁ አሉኝ። እንግዳ ፊት ማለክለክ አሳፍሯቸው ጓዳ ገብተው ፓፋቸውን ነፍተው ቢወጡ ቤቱ ባዶ ነው። ልጄን ንቀው ነው ብለው እስከዛሬ ሲበግኑ ከርመዋል። እንዴ፣ አሉ፣ «እሺ» የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ ይዤ፣ የእርስዎን አራት ነጥብ ስጠብቅ እኮ ነው ትንፋሼ ያለቀው።