በራሴ ዋርድ አልጋ ያዝኩ

ዛሬ ጠዋት ምን ሆኜ ተገኘሁ ብትሉኝ፣ ታካሚ!

ያውም በራሴ ዋርድ፣ በሚያስተምሩኝ ሲኒየር ሐኪም ፊት!

ለማታውቁኝ፣ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ሐኪም ነኝ፤ ግን ስፔሻሊቲ ገና እየተማርኩ ነው። ሲያክሙ አድሮ ጠዋት መፈተን ማለት ነው በቃ።

ትናንት ሌሊት ዱቲ ነበርኩ፣ ተረኛ። ጋሽ ከድር የሚባሉ የሳንባ ታካሚዬ ትንፋሽ አጥሯቸው አብረን አነጋን። ጎህ ሲቀድ ኦክስጅናቸው ተስተካከለና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ውጭ እንጦጦ ጭጋጉን ገና አላራገፈም። ብርዱ!

አጠገባቸው ያለው አልጋ ደግሞ ባዶ ነው።

ሐኪሞቹ አልጋ በአልጋ የሚዞሩበት ራውንድ እስኪጀመር ጎኔን ላሳርፍ ብል ኃጢአት ነው?

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ፣ ሲግናል ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ አዝነውልኝ ጋቢ አለበሱኝ። እስከ አናቴ!

ራውንዱ መጣ።

ሲኒየራችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። "አዲስ ታካሚ ነው?" ብለው ጠየቁ። ራሳቸው ጋቢውን ገለጥ አድርገው የእጄን ትርታ ያዙ።

እኔስ ምን አልኩ?

"እማዬ፣ ትንሽ ብቻ!"

ዋርዱ በሳቅ ፈነዳ። ብድግ ስል ጸጉሬ በአንድ ጎኑ ቆሟል።

"ተዉአት እንጂ!" አሉ እትዬ ዘሀራ ተቆጥተው። "ለባሌ ስትታገል ነው ያደረችው!"

ሲኒየራችን ወደ እኔ ዞሩ። "በይ፣ ፕረዘንት አድርጊ።"

ጋቢ ደርቤ የታካሚዬን ሁኔታ ፕረዘንት አደረግኩ! ጋሽ ከድርም ነቅተው፣ በየመሐሉ "ልክ ናት" እያሉ ይመሰክሩልኛል።

ራውንዱ ሲያልቅ ሲኒየራችን ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠሩኝ። ከትምህርቱ ልታገድ ነው ብዬ ተከተልኳቸው።

"እኔ ሬዚደንት ሳለሁ በሽተኛ መግፊያ ስትሬቸር ላይ ተኝቼ፣ ታካሚ መስያቸው ራጅ ክፍል አድርሰውኛል" አሉ በቀስታ። "ያኔም ለተረኛ ሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ይሠራላችኋል እየተባልን ነበር።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ለአስተዳደሩ እንደገና እናገራለሁ። አሁን ፊትሽን ታጠቢ፤ ተመላላሽ ታካሚዎች እየጠበቁሽ ነው።"

ወረድኩ። ሰልፉ በሩን አልፏል። የመጀመሪያው ሰውዬ ቁጭ እንዳሉ፣

"ዶክተር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።"

ሌሊቱን ሙሉ አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ነው የሚያድሩት አሉ። ከነፍራሹ፣ ከነብርድ ልብሱ!

ወገኖቼ፣ በታካሚ መቅናት በሕክምና ሥነ ምግባር ያስጠይቃል እንዴ?