አይቆጡም የተባሉት ጌታ

«ጨዋታና መንግሥት አይገናኙም» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መተማ ላይ አጋጥሞኛል፤ ያውም በጣሊያን ጊዜ! የጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ነበር።

የገና ዕለት ሩር ስንመታ ካፒቴኑን ይዞ መጣ።

«እሳቸውም ይጫወታሉ። እዚህ ሜዳ ላይ ገዥና ተገዥ የለም» አለን።

ሰሊጥ አራሹ ሽማግሌ አያ ንጉሤ፣ «‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› የሚባለውን ነግረሃቸዋል?» ብለው ጠየቁት።

«እንዴታ! ደስ ብሏቸዋል።»

እውነትም ደስ ብሏቸው ነበር፤ የአያ ንጉሤ ዱላ ሩሩን ስቶ ቅልጥማቸውን እስኪያገኘው ድረስ። ስቶ ነው ብዬ ያን ጊዜ መስክሬአለሁ፤ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም።

ጌታው ተቆጡ። አያ ንጉሤ ታሰሩ፤ የገና ዱላዎቻችንም የጦር መሣሪያ ተብለው ተለቀሙ።

በዓመቱ ምን እናድርግ? በማሽላ አገዳ ተጫወትን። ጠመንጃ የያዙ የካፒቴኑ አስካሪ ወታደሮች ሜዳውን ከበውታል። አስተርጓሚው ጥላ ሥር ቆሞ፣ «አይዟችሁ፣ ጨዋታ ጨዋታ ነው!» ይለናል።

ከእስር የተፈቱት አያ ንጉሤ አገዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ተመስገን ነው» አሉ። «ለአገዳ ይህን ያህል ከፈሩ፣ ዱላችንን ቢመልሱልንማ መድፍ ሊያመጡ ነው።»