ባለቤቴ የምን ባንድ አላቸው?

የሙዚቀኞችን ታሪክ በሬዲዮ የሚያቀርብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዘንድ ከሚሴ ድረስ አንዱ መጣ። ባለቤቴ ሼህ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንዙማ ሲያወጡ ኖረው ባለፈው የሻዕባን ወር ሞቱብኝ።

«እማማ፣ የባንዱ ስም ማን ነበር?» አለኝ።

«የምን ባንድ? ድቤ የሚመታውም፣ የሚቀበለውም የተሰበሰበው ጀመዓ ነው እንጂ!»

«ስንት ካሴት ዘፈኑ?»

«አስተግፊሩላህ! መንዙማ ይዘፈናል እንዴ? ነቢዩን ማወደስ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ሲተላለፍ ግን «አንጋፋው ዘፋኝ» አላቸው፤ ያውም ጎረቤቶቼ ለዱዓ ተሰብስበው እየሰሙ!

ደውዬ ጮህኩበት፤ «ሞተው መልስ ስለማይሰጡ ነው የደፈርካቸው?» አልኩት።

በሳምንቱ እርማት አነበበ፦ «ሼህ ሰይድ ዘፋኝ አልነበሩም። ቤተሰባቸውን ይቅርታ እየጠየቅን፣ ድምፃዊ ነበሩ።»