ያልተነካው እጅ

ምስጋና ይድረሳቸውና፣ የሰፈሩ ክሊኒክ ዋና ሐኪም በሽተኛ በእጅ መዳሰስ ካቆሙ ቆይተዋል። መዳሰስ የጀማሪ ሥራ ነው። እሳቸው ዕድሜ ብቻ ሰምተው ሕመሙን ይናገራሉ፦ ሽማግሌ ከሆነ እርጅና፣ ጎልማሳ ከሆነ ሐሳብ፣ ወጣት ከሆነ ስልክ።

የአሥራ አምስት ዓመቷ በረኛ ኳስ ልትይዝ ተወርውራ በመዳፏ ከወደቀች ወዲህ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው አንጓ እርሳስ እንኳ አላስይዝ ብሏታል። የሚያስፈራት ግን ሕመሙ አልነበረም፤ ዳግመኛ ጎል ላይ አለመቆሟ ነው። እናቷ እያባበለች አመጣቻት።

«ዕድሜ?» አሉ ሐኪሙ፣ ዐይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ።

«አሥራ አምስት።»

«ስልክ ነው።»

«ኧረ ወድቄ ነው ዶክተር፤ እዚህ ጋ ሲነካ...»

«ስልክ ስትነካኪ ነዋ የወደቅሽው።»

እናትየው ልጅቷ ስልክ እንደሌላት በትሕትና አስረዳች። ሐኪሙ ጥቂት አሰቡ፤ ሊቅ ከመሬት ተነሥቶ አይናገርም። ከዚያም መድኃኒቱ ስልክ መከልከል ስለሆነ፣ ከሌላት በቅድሚያ ተፈልጎላት እንድትከለከል አዘዙ። የተማረ ይግደለኝ ባይዋ እናት ከእህቷ ስልክ ተውሳ መጣች፤ ለልጅቷ አሳየቻትና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እጇ ከቀን ወደ ቀን ቢያብጥም ሕክምና ላይ ናትና የተጨነቀ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ስልኩን ነክታ እንደሆነ ጠየቁ። ጫፉንም እንዳልነካች እናትየው ማለች። እንግዲያው ድናለች አሉና፣ ከወንበራቸው ተነሥተው «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ቀኝ እጇን ጨበጡ።

ጩኸቷ ካርድ ክፍል ድረስ ተሰማ። በዚያ ክሊኒክ እጇን ሰው ሲነካው የመጀመሪያው ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ አስለቀሳት። ራጅ ስትነሣ አጥንቱ ተሰብሮ፣ ሰንብቶም ተንጋዶ መግጠም ጀምሯል። የራጅ ባለሙያው ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋት እንደማይቀር ተናገረ፤ በረኝነቱን ስትጠይቀው ግን ፊልሙን ፖስታ ውስጥ ከቶ ለእናቷ ሰጠ።

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ እናትየው ዞሩ።

«አዩልኝ እናቴ? ተቆልፎበት እንኳ እንዲህ አጥንት የሰበረ ስልክ፣ ብትነካው ኖሮ ምን ሊያደርጋት ነበር?»