«ይቅርታ» የሚሉት ጋሽ ታደለ

እናንተ ጅብ ትፈሩ ይሆናል። እኔ የምፈራው በቴሌግራም «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለትምህርት ያህል ነው» እያለ አማርኛዬን የሚያርመኝን ሰው ነው። እንጅባራ ባለው የፈረሰኞች ግሩፓችን ውስጥ ጋሽ ታደለ የሚባሉ እንዲህ ያሉ ጨዋ አሉ። አፋችንን በአዊኛ የፈታን ሁሉ እሳቸው ባሉበት ትንፍሽ አንልም።

ባለፈው ፈረሳቸው ገመዱን በጥሶ ጠፋና «ያየ አለ?» ብለው ጻፉ። እኔማ በደጄ አልፎ ወደ ጫግኒ መንገድ ሲፈረጥጥ አይቼዋለሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሌሎቹም እየጻፉ እንደሆነ ስልኬ ያሳያል፤ የሚልክ ግን ጠፋ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት የሄደበትን በአዊኛ ተናግረው ድምፃቸውን ላኩ።

ጋሽ ታደለ አዊኛ አይሰሙም። «ይቅርታ፣ በአማርኛ የሚጽፍልኝ አለ?» አሉ።

«ይቅርታ» የምትለዋን ሳይ ስልኬን ዘጋሁት። ፈረሱ ይሄኔ ጫግኒ ሳይገባ አልቀረም።